ወንዝ ሲቆራረጥ

በሚያዝያ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ ክረምት ላይ ሰው ይወስድ የነበረው ገባር ወንዝ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። ዓሣውም እዚያው ታጉሯል። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን ሲበትኑበት ሰክሮ ይንሳፈፍና በእጅ ይለቀማል። ብርብራ በወራጅ ውሃ ላይ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚይዘው የቆመ ውሃ ላይ ነው።

ዘዴው ይለያይ እንጂ በበጋ ኩሬ ላይ መተዳደር እጅግ የቆየ ነገር ነው። ከጣና በስተ ምዕራብ፣ በመተማ በኩል፣ በዓባይ ገባር በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ የድንጋይ ዘመን ሰፈር ይህንኑ ይመሰክራል። የተመራማሪው የጆን ካፕልማን ቡድን ግኝቱን በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥቶታል።

በሰፈሩ የተገኘውን የእንስሳት አጥንት ያመጣው ጅብ ወይም ጎርፍ ሳይሆን ሰው መሆኑ በምን ታወቀ? የድንጋይ ስለት አጥንት ላይ ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ እሳት የነካውም መልኩን ይለውጣል። በሽንፋ ሁለቱም ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር ተገኝተዋል። ከመሣሪያዎቹ መካከል ትንንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በአፈሩ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ተገኘ፤ ከ74,000 ዓመት በፊት ሱማትራ ላይ ከፈነዳው ከቶባ የመጣ ነው። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ ከዚያ በኋላ ድርቁ እንደበረታ ያሳያል። ረሃብ ይጠበቅ ነበር። ከአጥንቶቹ መካከል የዓሣው ድርሻ ግን ጨመረ፤ እስከ 52 በመቶ ደረሰ። በጋው ሲረዝም ኩሬው እያነሰ ዓሣው ለመያዝ ይቀላል፤ አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው። ተመራማሪዎቹም የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው በለምለም ዘመን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገረም ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱት የሙጋና የሱሃ ወንዞችም በዚህ ዓይን ሊታዩ ይገባል። ገደሉ ቁልቁለት ስለሆነ ጎርፍ ብዙውን የጥንት ቅሪት ጠርጎታል፤ ስለዚህ ፍለጋው ደለል በሚያርፍባቸው የወንዞች መገናኛዎችና ከዛሬው ውሃ ከፍ ብለው በቀሩ የጥንት ዳርቻዎች ቢጀመር ይሻላል። የትኛው ኩሬ እስከ ሰኔ እንደሚዘልቅ የሚያውቀው ግን ከብቱን የሚያጠጣው ሰው ነውና አስቀድሞ እሱ ይጠየቅ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ተንቆ እንዳይቀር፤ የጣና ሐይቅ ዳር ነዋሪዎቹ የወይጦዎች የጉማሬ አደን ዕውቀት ገና ሕያው ሳለ ብዙ ሰው በአመጋገባቸው ሲንቃቸው ኖረ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።