ቀበረ እና ቀረበ፦ የአይሶመሮች አሰያየም

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ኬሚስትሪ ለጀመራችሁት ከፍ ላላችሁት ልጆች ነው።

እስቲ «ቀበረ» እና «ቀረበ» የሚሉትን ቃላት አንብቡ። ሁለቱም የተጻፉት በቀ፣ በበ እና በረ ነው። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ሲለወጥ ግን ትርጉሙም ተለወጠ። በኬሚስትሪም እንዲህ ያለ ነገር አለ። የአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ሆኖ አያያዛቸው የሚለያይ ሞለኪውሎች አይሶመር ይባላሉ።

ሲ5ኤች12ን እንውሰድ። 5 ካርቦንና 12 ሃይድሮጂን ማለት ነው። ካርቦን 4 እጅ፣ ሃይድሮጂን 1 እጅ አላቸው ብላችሁ አስቡ። ሳይያዝ የሚቀር እጅ መኖር የለበትም። በዚህ ሕግ 3 ዓይነት ሞለኪውል ብቻ ይሠራል። ስም የምናወጣላቸው እንዲህ ነው፦

1ኛ. ረጅሙን የካርቦን ሰንሰለት ፈልጉ። ባለ 3 ካርቦኑ ፕሮፔን፣ ባለ 4ቱ ቡቴን፣ ባለ 5ቱ ፔንቴን ይባላል።
2ኛ. ከሰንሰለቱ የወጣውን ቅርንጫፍ እዩ። ባለ 1 ካርቦን ቅርንጫፍ ሜቲል ነው፤ ሁለት ከሆኑ ዳይሜቲል።
3ኛ. ለቅርንጫፉ ከሚቀርበው ጫፍ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

አምስቱም ካርቦን በአንድ መስመር ከሆኑ ፔንቴን ነው። አራቱ በመስመር ሆነው አንዱ ሁለተኛው ላይ ከተንጠለጠለ 2-ሜቲልቡቴን። ሦስቱ በመስመር ሆነው ሁለቱ መካከለኛው ላይ ከሆኑ 2፣2-ዳይሜቲልፕሮፔን።

እኔ ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ድምር ሳላመሳክር መዝገብ አልዘጋም። እናንተም ስሙን ደምሩት፦ ሜቲል 1፣ ቡቴን 4፣ በድምሩ 5። ዳይሜቲል 2፣ ፕሮፔን 3፣ በድምሩ 5። ድምሩ 5 ካልመጣ አንድ ካርቦን ጠፍቷል ወይም ተርፏል።

ድምሩ ልክ ሆኖም የሚያሳስት አለ። «3-ሜቲልቡቴን» ብሎ የጻፈ ልጅ ከሩቁ ጫፍ ቆጥሯል፤ ወረቀቱን ቢያገላብጠው ያው 2-ሜቲልቡቴን ነው። ፔንቴንን አጣጥፎ መሳልም አዲስ አይሶመር አያመጣም። ሰው ክንዱን ስላጠፈ ሌላ ሰው አይሆንም!

ታዲያ ስሙ ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል? ፔንቴን በ36፣ 2-ሜቲልቡቴን በ28፣ ሦስተኛው ደግሞ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላሉ። ድብልብል ያለው ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይለያያል። ስለዚህ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ፈሳሽ ሲሆኑ ሦስተኛው ጋዝ ነው። «ሲ5ኤች12 አምጣ» ቢባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚለየው ስሙ ነው።

ወላጆች፣ ልጆቹ ይህንን በሌላ ቋንቋ ነው የሚማሩት። ማታ በአማርኛ እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው። በሁለቱም ቋንቋ ካስረዱ በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

የቤት ሥራ፦ ሲ6ኤች14 አይሶመሮቹ 5 ናቸው። ሥሏቸው፣ ስም አውጡላቸው፣ ድምሩን አመሳክሩና በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ። ስድስተኛ ያገኘ ካለ፣ አንዱን ሁለቴ ቆጥሯልና ወረቀቱን ያገላብጥ።

መልካም ሳምንት!