ቢጫው ቅጠል ራበው ወይስ ውሃው ነው?



በጣሳ የተተከለ አበባ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አብዛኞቻችን «ራበው» እንላለን። ከዚያ ፍግ ይጨመርለታል፣ አመድ ይነሰነስለታል፣ ውሃውም ጧትና ማታ ይሆናል። ተክሉ ግን እየባሰበት ይሄዳል። በትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ተረኛው ተማሪ «አላጠጣህም» ተብሎ ይገሠጻል፤ ልጁ ግን በሚገባ አጠጥቶ ይሆናል። እንግዲህ ኖራ በበዛበት አገር ውሃው ሳይስተካከል ምግብ መጨመር ከንቱ ድካም መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ምሳሌ የማደርገው አዛሊያ የሚባለውን አበባ ነው። ጃፓኖች ጥልቀት በሌለው ሸክላ ተክለው፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየገረዙ ለብዙ ዓመታት ትንሽ ዛፍ አድርገው ያኖሩታል። ጥበቡ ቦንሳይ ይባላል። አዛሊያ ባዕድ ይምሰለን እንጂ ዘመዱ ደጃችን ነው፤ እሱም አስታ ነው! ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። የመንዝን ጓሳ ያየ ሰው አስታ ምን ዓይነት መሬት እንደሚወድ ያውቃል። ከ3,200 ሜትር በላይ ሆኖ፣ ጉም የሚመላለስበት፣ ብስባሽ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ሲሆን ዝናቡም ኖራውን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ ኮምጣጣነት አለው። (አስታ ከአዛሊያ ይልቅ ኖራን ይችላል፤ በዚህስ የአጎቱን ልጅ ያስንቃል።)

ታዲያ ከመንዝ ደጋ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ድንጋዩ ይለወጣል፤ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። በመቀሌና በድሬዳዋ አካባቢም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በአንድ ጠርሙስ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የጉድጓዱን ውሃ አድርጎ እኩል የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሮ መበጥበጥ ነው። የዝናቡ ቶሎ ያረፋል፤ ኖራ ያለበት ግን ነጭ እድፍ የመሰለ ነገር ይዞ ይቀራል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውም ነጭ ነገር ያው ኖራ ነው፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ይፍለቀለቃል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት የት ይገኛል?

ውሃው ጣሳ ላይ ሲፈስ ግማሹ ይተናል፣ ግማሹን ተክሉ ይጠጣዋል፤ ኖራው ግን እዚያው ይቀራል። ሜዳ ላይ ቢሆን ክረምቱ አጥቦ ይወስደው ነበር። በጣሳ ግን ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለ ይከማችና አፈሩ ኮምጣጣነቱን ይለቃል። ለአዛሊያ የሚስማማው የአፈር ፒ ኤች ከ4.5 እስከ 6 ነው። ከ7 ሲያልፍ በአፈሩ ያለው ብረት የማይሟሟ ይሆናል። ብረት ካላገኘ ደግሞ ቅጠሉ አረንጓዴ ቀለሙን መሥራት ያቅተዋል። ማለትም ምግቡ ሞልቶ ሳለ ተክሉ ጾሙን ያድራል። አንዳንዶች የዛገ ምስማር አፈሩ ውስጥ ይቀብራሉ። ዝገቱስ መቼ ይሟሟና!

ከእውነተኛው ርሃብ የሚለይበት ምልክት አለ። የብረት እጦት ሲሆን ቢጫ የሚሆነው ከላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ነው፤ ጅማቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የናይትሮጅን እጥረት ሲሆን ግን የሚጀምረው ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ነው።

መድኃኒቱ የዝናብ ውሃ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 20 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሞላ ማለት ነው። በቀን 1 ሊትር ለሁለት ጣሳ ቢወጣ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ይዞ ይሂድ፤ በርሜሉም ይከደን፣ ቢንቢ እንዳይራባበት። ውሃ አፍልቶ፣ ኖራው ሲዘቅጥ ከላይ መቅዳትም ይረዳል፤ ነገር ግን በዛሬው የማገዶ ዋጋ አልመክርም። ሲቸግር የዝናቡን ከጉድጓዱ ጋር እኩል መቀላቀል ኖራውን በግማሽ ይቀንሳል። በሰዓት ሳይሆን በጣት ዳስሶ፣ የላዩ አፈር መድረቅ ሲጀምር፣ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ማጠጣት ነው።

ምግብ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ዩሪያ አፈሩን ወደ ኮምጣጣነት ስለሚያዘነብል ይስማማዋል፤ መጠኑ በ1 ሊትር የዝናብ ውሃ ከ1 ግራም አይለፍ፣ በሦስት ሳምንት አንዴም ይበቃል። አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ተክሉ በሚያድግበት ወቅት ይሰጥ እንጂ በደረቀ አፈር ላይ አይፍሰስ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የአጥንት ዱቄት ኖራ የሚጨምሩ ናቸውና ለዚህ ተክል አይሆኑም። አመድን ጠልቼው አይደለም፤ ኮምጣጣ መሬት ላይ ላለ ጎመን ደኅና ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ቢጫ የሆነው ቅጠል ሁሉ ተመልሶ አረንጓዴ ላይሆን ይችላል፤ ይህን አይቶ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። መታየት ያለበት ውሃው ከተለወጠ በኋላ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ነው። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ያን ጊዜ ዩሪያውን መጀመር ይቻላል።