ዘጠነኛዋ ከረሜላ

ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» በተሰኘ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ፣ ዲጎሪና ፖሊ የሚባሉ ልጆች የአምላክ ምሳሌ በሆነው አስላን በተባለ አንበሳ ተልከው፣ ፖም ሊያመጡ በክንፋም ፈረስ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። ሲመሽ ፈረሱ ሣሩን መጋጥ ይጀምራል፤ ለልጆቹ ግን ስንቅ የያዘላቸው የለም። ዲጎሪ ያጉረመርማል፤ የላካቸው ለራታቸው እንዴት አላሰበም? ፈረሱ፣ አስላን ሳይነግሩትም እንደሚያውቅ፣ ቢሆንም ሲጠይቁት ደስ ሳይለው እንደማይቀር ይመልሳል። የተገኘው ዘጠኝ ከረሜላ ነው። አራት አራት በልተው ዘጠነኛዋን ይተክሏታል፤ ሲነጋ ቴምር የመሰለ ፍሬ ያንዠረገገ ዛፍ ሆና ያገኟታል። አምላክ ካወቀ ለምን እንለምነዋለን የሚለው ጥያቄ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን የሰማ ልጅ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ እዚያም አብ የሚያስፈልገንን እንደሚያውቅ ከተነገረ በኋላ ወዲያው የዕለት እንጀራ መለመን ይከተላል። ሉዊስ ስብከት አልጨመረበትም፤ መልሱን የፈረስ ግምት አድርጎ ተወው። ለእኔ የመጽሐፉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሲሳዩም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፤ ርቧቸው ሳለ ሳይበሉ ካስቀሩት በቀለ።

አስማት ያለበት መጽሐፍ ለክርስቲያን ልጅ አይሆንም የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ታሪክ አስማተኛው የዲጎሪ አጎት መሳቂያ እንጂ አርአያ አይደለም። አንበሳና ነብር ከብበዋቸው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የሚታዩትን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል እያየ ላደገ ልጅ ደግሞ የአምላክን ቸርነት በእንስሳ ማየት እንግዳ አይሆንበትም። ገድል የሚታመን፣ ልብ ወለድ የሚታሰብ መሆኑን ወላጅ ከነገረው ልጁ ሁለቱን አያምታታም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወገኖቿን በቀበረች አገር የከረሜላ ዛፍ ማውራት ፌዝ አይመስልም? ታሪኩ ግን በከረሜላው አያበቃም። የዲጎሪ እናት በሞት አፋፍ ላይ ናት፤ አንዲት ጠንቋይ ንግሥት አምጣ ተብሎ የተላከበትን ፖም ሰርቆ እንዲያድናት ትገፋፋዋለች፤ እሱ ግን እናቱ እንደምትድን ማንም ቃል ሳይገባለት እምቢ ይላል። ለእናቱ የሚሆን ፖም በስጦታ የሚመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ሉዊስ ራሱ ግን እናቱን በካንሰር ያጣው እ.ኤ.አ. በ1908፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ እንድትድንለት ጸልዮ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የለመነ ሁሉ ያገኛል ብሎ የሚደልል ሰው ሥራ አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ከዚህ ታሪክ አይወጣም። በሐዋሳ ቡሹሎ ወደሚገኘው የካቶሊክ ጤና ተቋም ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት፣ እየጸለየችም ቢሆን ካርድ ታወጣለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጣለች፤ እምነቷ ጎደለ የሚላት የለም።