መኪና ባመለጠን ቀን
በአፄ ፋሲል መዋኛ

አንባቢ ሆይ፥ በጕዞ ላይ መኪና አምልጧችሁ እንደ ሆነ ብዙ አትበሳጩ። እኔ ጐንደር ላይ ያመለጠኝን መኪና እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አሳቤ በወረታ ታጥፌ፥ ደብረ ታቦርን አልፌ፥ ጋይንት ገብቼ ቤተ ልሔምን ለማየት ነበር። ቤተ ልሔም፥ እንደምታውቁት፥ የድጓ ተማሪ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ሄዶ የሚያስመሰክርባት የዜማ ቤት ናት። ቶማስ ፓከናም የተባለው ጸሐፊም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 እዚያ ደርሶ፥ ክብ ሆኖ ሣር በለበሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ማየቱን ጽፏል። ይህን ካነበብሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ነበር። ነገር ግን መናኸሪያው ስደርስ መኪናው ሄዷል፤ የሚቀጥለው ነገ ነው ተባልሁ።

በግንቡ ሥር አንድ ወጣት በጓዙ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፥ እርስዎንም ጥሎዎት ሄደ?»

«ጥሎኝ ሄደ። ወዴት ነህ?»

«ቤተ ልሔም፤ ድጓ ላስመሰክር። እስከ ነገ ከምንቀመጥ ለምን የአፄ ፋሲልን መዋኛ አናይም?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለሥራ ጕዳይ ሁለት ጊዜ ጐንደር መጥቼ፥ ግንቦቹን በሩቁ አይቼ፥ የውሎ አበሌን ቈጥሬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያደረገ አይጠፋም። ከቤተ መንግሥቱ ግንቦች ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግራችን ሄድን።

በሩን አልፋችሁ ስትገቡ አስቀድሞ የሚቀበላችሁ የዛፎቹ ጥላ ነው። ታላላቅ ዛፎች በአጥሩ ግንብ ላይ በቅለው፥ ሥሮቻቸው እንደ ቀለጠ ሰም በድንጋዩ ላይ ወርደው መሬት ገብተዋል። በመካከሉ ርዝመቱ ሃምሳ ሜትር ያህል የሆነ ገንዳ አለ፤ በገንዳውም ውስጥ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ደርብ ግንብ፥ መሸጋገሪያውም የድንጋይ ድልድይ። ገንዳው ያን ቀን ደረቅ ነበር። ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ የሚሞላው። ሥራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ለነገሡት ለአፄ ፋሲል ይነገራል፤ ለልጅ ልጃቸው ለታላቁ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ።

ከወዲያ ጕልላት የደፋች ትንሽ ሕንፃ ትታያለች። የከተማው ሰዎች ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላሉ። የአፄ ፋሲል አስከሬን ግን እዚህ አይደለም፤ በጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ በሣጥን ተቀምጧል። ፈረሱ በአትክልቱ ቦታ፥ ንጉሡ በደሴት! ነገሩ አሳቀኝ፤ ወጣቱ ግን አልሳቀም።

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ።

«አባባ፥ ይህ ሥር ግንቡን አይሰነጥቀውም? ለምን አይቈረጥም?» አልኋቸው።

«ይሰነጥቀዋል እንጂ። ግን ልጄ፥ አሁን ግንቡን የያዘውም እሱ ነው። ብትቈርጠው ምን ይዞት ይቆማል?»

መልስ አጣሁ። እናንተስ የምትመልሱት አላችሁ?

የእንጨት መቀመጫ የወደቀው የት ላይ እንደ ሆነም አሳዩን። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ሕዝብ የተጨናነቀበት መደብ ተንዶ ቢያንስ አሥር ሰዎች ሞተዋል። በዓሉ በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ያን ያህል ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ የአናጢን ሥራ የሚመረምር ሰው ማጣት አልነበረበትም፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወጣቱ ወደ ደረቁ ገንዳ አፋፍ ሄዶ የጥምቀቱን ዜማ ቀስ ብሎ ያዜም ጀመር። ግንቡ ድምፁን ይመልስለታል። አንድ ቦታ ሲደርስ አቆመ፤ ደገመው፤ አሁንም አቆመ።

«ምነው?»

«እዚህች ላይ ምልክቷ ትጠፋብኛለች። የቤተ ልሔሙ መምህር ይህችን ከሰሙ ይመልሱኛል።»

ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎታል፤ ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት ሲነግረኝ በእኔ የቢሮ ዕድሜ ለካሁትና ዝም አልሁ። እስኪመሽ ድረስ ያችኑ ስፍራ ሲመላለስባት ዘበኛው በሩን ሳይዘጉ ጠበቁት።

በማግሥቱ ሌሊት አሥር ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። የድጓውን ማኅደር እንደ ሕፃን በጕልበቱ ላይ አስቀምጦ፥ መኪናው ወረታ እስኪደርስ ድረስ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።