ሐሴት ደረጀ በሚስ ዎርልድ መድረክ

ሚስ ዎርልድ ኤሪክ ሞርሊ በ1951 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው፣ ዛሬም ካሉት ዓለም አቀፍ የቁንጅና ውድድሮች አንጋፋው ነው። ሲጀመር የዋና ልብስ ትርኢት ነበር፤ ይህ ክፍል ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። አሁን ተሰጥኦ፣ ስፖርት፣ የንግግር ችሎታና የበጎ አድራጎት ሥራም ይመዘናሉ።

ለኢትዮጵያ ቀዳሚውን ስም ያስገኘችው ሐያት አህመድ ናት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ቻይና ሳንያ ላይ የአፍሪካ ቆንጆ ተባለች።

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕንድ ሃይደራባድ ላይ ደግሞ ሐሴት ደረጀ ከ108 ተወዳዳሪዎች ሁለተኛ ወጣች። ምርጫው በአህጉር የተከፈለ ነበር፦ ከእያንዳንዱ ምድብ አሥር፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻ አንዲት ብቻ ትቀራለች። ሐሴት ዘውዱን ከወሰደችው ከታይላንዷ ኦፓል ሱቻታ ጋር የተፋጠጠችው አፍሪካውያኑን ሁሉ በልጣ ነው። ከዚያ በፊት አንዲትም ኢትዮጵያዊት እዚህ ደረጃ አልደረሰችም፤ ሁለተኛነት ቶሎ በሚረሳበት ውድድር ይህኛው ሊረሳ አይገባውም።

ከሚስ ዎርልድ ውጭ፣ በሌላ አገር ስም የተወዳደረች ትውልደ ኢትዮጵያዊትም አለች። ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደችው ይታይሽ አይናው በ2013 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ጥቁር ሚስ እስራኤል ሆና ተመረጠች፤ በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ በተካሄደው ሚስ ዩኒቨርስም ተሳትፋለች።