ኪሊማንጃሮ በቅንጦት፦ ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውሉታላችሁ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ "ኪሊማንጃሮን ተመችቶን መውጣት እንፈልጋለን፣ ስንት ያስወጣናል?" የምትጠይቁኝ ባብዛኛው ከአሜሪካ ለዕረፍት የምትመጡ ናችሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ በአየር መንገዳችን በቀጥታ ወደ ኪሊማንጃሮ ትበራላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ላስፍረው።

ቅንጡ በሚባለው ጉዞ ሰው ቆሞ የሚገባበት ድንኳን፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ የግል መጸዳጃ፣ ጠረጴዛ የተዘረጋበት መመገቢያ፣ አንዳንዱ ጋ ሙቅ ሻወር ሳይቀር አለ። አልጠላሁም። ግን እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት መግዛት ያለበት ቀን ነው ባይ ነኝ። ተራራው 5,895 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከምታገኙት ግማሽ ያህሉ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በጊዜ ነው። የ5 ቀን ጉዞ በምን ዓይነት ፍራሽ ላይ ብትተኙ ያው የ5 ቀን ጉዞ ነው።

ቀን ደግሞ እዚያ ውድ ነው። ፓርኩ ለአንድ የውጭ አገር ጎልማሳ በቀን 70 ዶላር፣ ለካምፕ በአዳር 50 ዶላር ያስከፍላል። ለነፍስ አድን አንድ ጊዜ የሚከፈል 20 ዶላር አለ፤ በሁሉም ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራል። የ8 ቀኑን አስሉት፦ 560፣ 350፣ 20። ከታክሱ ጋር 1,100 ዶላር ገደማ ሆነ፤ ገና ድንኳን ሳይተከል፣ ሽንኩርት ሳይከተፍ። (የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ዜጎች የሚከፍሉት በጣም ያነሰ ነው። እኛ አባል ስላልሆንን በሩ ላይ "ጎረቤት እኮ ነን" ብሎ መከራከር አያዋጣም።) እንግዲህ አንዱ መጥቶ "8 ቀን በ1,500 ዶላር አወጣችኋለሁ" ሲላችሁ በተረፈችው 400 ዶላር መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ተሸካሚ፣ ምግብና መኪና እንዴት እንደሚሸፍን ጠይቁት። አይሸፍንም። የሚቆረጠው ከተሸካሚዎቹ ደመወዝ ነው።

መንገድ ምረጥልን ካላችሁኝ ሌሞሾን በ8 ቀን። ከምዕራብ በኩል ተነስቶ የሺራን ሜዳ ያቋርጣል፤ መጀመሪያ ላይ ሰው አይበዛበትም። የዚህን መንገድ ብልሃት የምታዩት ከሺራ ሁለት ካምፕ በተነሳችሁበት ቀን ነው። ካምፑ 3,850 ሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት ተነስታችሁ 4,600 ሜትር ላይ ላቫ ታወር የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሥር ትደርሳላችሁ፣ ምሳ እዚያ። ብዙ ሰው ራሱን የሚያመው፣ ሾርባውን ገፋ አድርጎ ዝም የሚለው እዚህ ጋ ነው። ከምሳ በኋላ ቁልቁል ወደ ባራንኮ፣ ወደ 3,900 ሜትር። ቀኑን ሙሉ ለፍታችሁ የምታድሩት በከፍታ ከተነሳችሁበት እምብዛም በማይርቅ ቦታ ነው። "ታዲያ ምን ሠራን?" የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። የሠራችሁት ሰውነታችሁን ከፍ አድርጎ ማስደንገጥና ዝቅ አድርጎ ማሳረፍ ነው፤ ሌሊቱን የሚለምደውም በዚህ ነው። በአጭሩ ጉዞ የሚቀረው ይህ ዓይነቱ ቀን ነው።

"እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን" የምትሉም አትጠፉም። ነገሩ እውነትነት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የሄሞግሎቢናቸውም የደም ኦክስጅናቸውም መጠን ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳትሟል። ይህ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ዓመታት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለከረመ ሰው የአያቱ ሳንባ ዋስትና አይሆነውም። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ላይ ጥቂት ቀን መክረም ግን በእርግጥ ይጠቅማል። ከቻላችሁ ባሌ ሂዱና ሳነቴ አምባ ላይ ዋሉ፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ራሳችሁ እንዴት እንደሚሆን እዚያ ታዩታላችሁ።

ከቀን ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ነው። ድርጅቱን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ መሪው የኦክስጅን መለኪያውን ጧትና ማታ ጣታችን ላይ ሰክቶ ይመዘግባል ወይ? ካምፕ ድረስ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዛችሁ ነው የምትወጡት? አንዱ ሲታመም ሌሎቹን ይዞ የሚቀጥል ረዳት መሪ አለ? ሳንባ ወይም አንጎል ላይ ውኃ ሲቋጠር መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው፤ ስለዚህ በሌሊትም ቢሆን "ተመለስ" ለማለት የማያፍር መሪ ያስፈልጋችኋል። ለከፍታ ሕመም የሚወሰደውን ዳያሞክስ ልትወስዱ ካሰባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ ድንኳን ውስጥ ከጓደኛ አትቀበሉ።

ወደ ምቾቱ ስንመለስ፦ የግል መጸዳጃውን ያለ ሐሳብ ግዙት። ሌሊት በብርድ፣ በራስ ምታት፣ የጋራውን ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። ወፍራም ፍራሽም እሺ። ሻወሩን ግን ተዉት። ጫፉን ለመውጣት የምታድሩበት ባራፉ፣ 4,673 ሜትር፣ ምንጭ የለውም፤ ለሻይ የሚሆናችሁን ውኃ ሳይቀር ተሸካሚ ከካራንጋ ካምፕ በኩል ጭኖ ያመጣዋል። ጄሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ላቡ በቅዝቃዜው እየተነነ፣ አጠገባችሁ በፍጥነት አልፎ ሲወጣ ስታዩት ገላ መታጠብ አያምራችሁም። ለአንድ ተሸካሚ የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 20 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ አልጋ ተጨማሪ ጀርባ ነው፤ ያ ክፋት የለውም፣ ሥራ ነው፣ በአግባቡ እስከተከፈለ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚባል አለ። ድርጅታችሁ ከእነርሱ ጋር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ጾም ላይ የምትወድቁ ሆናችሁ ከጥር እስከ የካቲት መጨረሻ ከመረጣችሁ (ጥሩ ወቅት ነው፣ ሌላው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው) ለድርጅቱ ቀድማችሁ ተናገሩ። ባቄላ፣ አትክልት፣ ቻፓቲ ለእነርሱ ብርቅ አይደለም። እስከ 9 ሰዓት ስለመጾም ግን የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ከፍታው በራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ባዶ ሆኖ ሌሊት መውጣት አይቻልም። በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ።

የመጨረሻው ሌሊት ጉዞ እኩለ ሌሊት ግድም ይጀምራል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ስለሆነ በእነርሱም "ስድስት ሰዓት" ነው፤ ለፈረንጆቹ ብቻ ነው የሚተረጉሙት። ቀስ በሉ። ፖሌ ፖሌ።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርስ። ከኢትዮጵያ ተነስታችሁ ታንዛኒያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ የቪዛው ዋጋ 100 ዶላር ነው። ፌስታል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፣ ሻንጣችሁ ውስጥ አትጠቅልሉበት። ኢንሹራንሳችሁ እስከ 6,000 ሜትር እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ብዙው ከዚያ በታች ያቆማል። የጉርሻውን ገንዘብ ደግሞ በትናንሽ ኖት ያዙና ስትሰጡ ሁሉም ተሸካሚ ባለበት፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው ጮክ ብላችሁ ተናግራችሁ ስጡ፤ ለአንዱ መሪ በፖስታ አስረክባችሁ አትሂዱ።