በ99 የተደፈነው የ22 ዓመት ቀዳዳ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2014 ለሊኑክስና ለመሰል ሲስተሞች አንድ የደኅንነት ጥገና ይፋ ሆነ። ጥገናው ምን ነበር? በአንዲት የኮድ መስመር መካከል 99 የሚል ቁጥር መጨመር። ሁለት አሃዝ ገባ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። ቀዳዳው ወደ ፕሮግራሙ የገባው ግን ሜይ 10 ቀን 1991 ነው። 22 ዓመት ከ8 ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

ፕሮግራሙ ኤክስ ይባላል። መስኮቶቹን፣ ጽሑፉን፣ የማውሱን ቀስት ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው እሱ ነው። በ1984 አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ 11ኛው ቅጂው በ1987 ወጣ። ከዚያ ወዲህ 12ኛ አልመጣም፤ ይኸው 11ኛው እየተጠገነ እየተቀጠለ ኖረ።

ያችን መስመር ቀረብ ብለን እንያት። ኤክስ የፎንት ፋይል ሲያነብ የእያንዳንዱን ፊደል ስም ሜሞሪ ላይ በተዘጋጀ ቦታ ያስቀምጣል። የተዘጋጀው ቦታ 100 ባይት ነው። መስመሯ ስሙን ትገለብጣለች፤ ስንት ፊደል እንደሆነ ግን አትጠይቅም። አንድ ተንኮለኛ 300 ፊደል ያለው ስም ፎንቱ ውስጥ ቢጽፍ 100ው ይገባል፣ 200ው ከቦታው አልፎ አጠገቡ ባለው ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። እዚያ ደግሞ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው አድራሻ አለ። ኤክስ በብዙ ማሽኖች ላይ ለዓመታት ይሠራ የነበረው ሩት በሚባለው የማሽኑ የበላይ ሥልጣን ስለሆነ፣ ያን አድራሻ የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩን በሙሉ ይቆጣጠራል። በአንድ የፎንት ፋይል!

ለምን 100 ሳይሆን 99? የመጨረሻዋ ቦታ ጽሑፉ እዚህ ያበቃል ለምትለው ዜሮ መቀመጥ ስላለባት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን አገኛኘቱ ነው። ኮዱ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ተቀምጦ ነበር። ቀዳዳውን ያሳየው ሲፒፒቼክ የተባለ ነፃ የኮድ መመርመሪያ ነው። ኮድ ለሁሉም ክፍት ሆነ ማለት ተነበበ ማለት አይደለም።

ከዚህም የበለጠ ዕድሜ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ኢልያ ቫን ስፕሩንደል የተባለ ተመራማሪ የኤክስን ኮድ ፈትሾ በዲሴምበር 2014 ካስጠገናቸው ክፍተቶች መካከል እስከ 1987ቱ 11ኛ ቅጂ ድረስ የሚሄድ ተገኘ፤ 27 ዓመት። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ከ1988 ጀምሮ የነበሩ ክፍተቶች ተደፈኑ፤ 35 ዓመት። ከነዚህ አንዱ የማባዛት ስህተት ነው። በ32 ቢት የሚቆጥር ፕሮግራም ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። አንድ ሲጨመርበት፣ ሞልቶ ወደ ዜሮ እንደሚዞር የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከዜሮ ይጀምራል። 65,536ን በ65,536 ቢያባዙ መልሱ በልክ 4,294,967,296 ነው፤ ለዚያ ፕሮግራም ግን ዜሮ። የሥዕል መጠን እንዲህ ሲሰላ፣ ፕሮግራሙ ለግዙፍ ሥዕል ኢምንት ቦታ ይይዝና ሥዕሉን በማያገባው ሜሞሪ ላይ ይደፋዋል።

ጉዳዩ የድሮ ኮድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዲሴምበር 2005 በወጡት ቅጂዎች ውስጥ ኤክስ አደገኛ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ያስነሳኝ ሩት ነው? ወይስ እኔ ራሴ የሩት ሥልጣን የለኝም? በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጥንድ ቅንፍ ተዘነጋች። ቅንፏ ከሌለች ኮምፒውተሩ የሚያየው የጥያቄውን መልስ ሳይሆን ጥያቄው ሜሞሪ ላይ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። አድራሻ ደግሞ መቼም ዜሮ አይሆንም፤ ስለዚህ ፍተሻው ማንንም ያሳልፋል። ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው ሩት መሆን ቻለ። በማርች 2006 ቅንፏ ተመለሰች። በ2018 በተገኘው ሌላ ክፍተት ደግሞ ሩት ለመሆን የሚያስፈልገው ትእዛዝ ሁሉ በአንድ የትዊተር መልእክት ውስጥ ተጽፎ ታይቷል።

ዛሬ ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ኤክስን ዌይላንድ በተባለ አዲስ ሥርዓት ተክተዋል። ሆኖም የቆዩ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ ሲባል የኤክስ ኮድ በእነዚያም ማሽኖች ላይ አለ፤ አዳዲስ ጥገናዎችም እየወጡለት ነው። ጥገናው ግን ካልተጫነ የለም ማለት ነው። በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት የሊኑክስ ኮምፒውተር በኃላፊነት የያዛችሁ፣ አፕዴት ይጫን የሚል መልእክት ሲመጣ ለነገ አትበሉት፤ ዛሬውኑ ጫኑት።